የጋፋት ዳስ

የሰደበኝ መዝገቡ ነው። ጊዜውንም ቦታውንም አልረሳሁም፤ ጥር 1996፣ ከጥምቀት ቀጥሎ በዋለው እሑድ፣ አያ ዓለምነው የበኩር ልጁን በዳረበት ዳስ ውስጥ። እኔ ከመግቢያው በስተግራ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። መዝገቡ የዕለቱ አጋፋሪ ነው፤ እንግዳ ያስቀምጣል፣ እንግዳ ያስነሣል፣ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ በር ይገፋል። እኔ ፊት ሲደርስ ቆመና፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣

«ሞላ፣ አንተ እኮ የሰው ዳስ ስታሞቅ ልታረጅ ነው። ያንተን ዳስ መቼ ነው የምንገባው?» አለኝ።

ሰው ሳቀ። ዓለምነው ሳቀ። ከጎኔ የተቀመጠው ዲያቆን እንኳ በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ለኔ መልስ የሚመጣልኝ ቤቴ ገብቼ ጋደም ካልሁ በኋላ ነው። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ «ሞላ ያሉህ ምንህ ሞልቶ ነው?» ብሎ ክፍሉን ሲያስቅብኝም እንዲሁ ነበር። ለሱም ሳልመልስለት ቀረሁ፤ ሞቷል አሉ።

ይኸን ለከተማ ሰው ሳወራው «ቀልዶብህ እኮ ነው» ይለኛል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቀልድ የለም። እኔ ደብረ ታቦር ተወልጄ እስካሁን የስንቱን ሰርግ፣ የስንቱን ክርስትና፣ የስንቱን ተዝካር በልቻለሁ። የጠራኝ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እኔም ዳስ ጥዬ እንደምጠራው አስቦ ነው የጠራኝ። ያልጠራ ሰው የበላው ሁሉ እላዩ ላይ ተቆልሎ ይቀራል። ማንም አይጠይቀውም፤ ግን በገባበት ዳስ ሁሉ ወደ በሩ በኩል ይቀመጣል።

እኔን ዳስ የምታስጥለኝ አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ ዮርዳኖስ። ሌላ አልተሰጠኝም። መዝገቡ ያን ሲለኝ ገና ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች። እሱ ልጆች ሞልተውታል፤ ሦስቱን ድሯል። ሦስት ጊዜም ጠርቶኛል፤ አልሄድሁም። ከዚያ እሑድ ወዲህ በደጁ አልፌ አላውቅም። ቤቱ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ያን በኩል እርም ብዬ ተውሁት።

ኑሮዬ አጠና ሽያጭ ነው። ለቤት ሠሪ፣ ለአጥር፣ ለአንዳንዱም ለዳስ የሚሆን እንጨት አቀርባለሁ። ቀጥ ያለውን ለገበያ አላወጣም፤ ከቤቱ ጀርባ አቁሜ ለልጄ ዳስ አኖረዋለሁ። ሲነቅዝ ለማገዶ እሰጥና በሌላ እተካለሁ። ግቢዬንም መሐሉን ባዶ ትቼዋለሁ። ጎረቤት «ድንች ትከልበት፣ ጌሾ ትከልበት» ይለኛል። ባለቤቴ ዝናሽ ደግሞ «ይህ ሰው አየር ያረባል» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እሷ ስትስቅ አይከፋኝም።

እንግዲህ በ2011 መግቢያ ላይ ዮርዳኖስ ከአዲስ አበባ ደወለች። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራ። አማኑኤል የሚባል ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው አለች። ሽማግሌዎቹ በመኪና መጡ፣ ተቀምጠው ተነሡ፣ ተቀምጠው ተነሡ፣ ሰጠኋቸው። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። ያን ሰሞን መንገድ ላይ ስሄድ ከወትሮው ቀና ብዬ ነበር የምሄድ፤ ዝናሽ ናት የነገረችኝ።

ጥቅምት ላይ እንደገና ደወለች።

«አባዬ፣ ሰርጉን ባሕር ዳር እናድርገው ብለናል። ሐይቁ ዳር ሆቴል አለ። የአማኑኤል ጓደኞች በአውሮፕላን ይመጣሉ። ለነሱም ሽርሽር ይሆንላቸዋል።»

«ሰርግና ሽርሽር ምን አገናኘው?»

«አሁን እንደዚህ ነው የሚደረገው። ሰው ተሰባስቦ አንድ የሚያምር ቦታ ይሄድና እዚያው ይጋባል። ዴስቲኔሽን ይሉታል።»

«ምን?»

«ተወው አባዬ።»

«ጎረቤቱስ? ዕድሩስ?»

«አውቶብስ እንልክላቸዋለን።»

ዕድሬን እንደ እህል ጆንያ አውቶብስ ላይ ጭኜ የሰው አዳራሽ ወስጄ ላስቀምጥ ነው። ቁጣ መጣብኝ፤ ዋጥሁት። ልጅ በቁጣ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ አባቴ በቁጣ ሊመልሰኝ ሞክሮ አይቸዋለሁ። ስለዚህ በዘዴ ልያዘው ብዬ፣

«እሺ ልጄ። ብቻ ቦታውን ከመቁረጣችሁ በፊት ልጁን አምጭልኝ፤ አገራችንን ላሳየው» አልኋት።

ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ልጁ አገሩን ይወደዋል። ከወደደው የባሕር ዳሩ ሐሳብ ይቀራል። እሱ ከቀረ ሰርጉ ደብረ ታቦር ይሆናል። ደብረ ታቦር ከሆነ ደግሞ ከኔ ግቢ ሌላ የት ሊሆን ነው?

ይኸን ካሰብሁ በኋላ አፌን መያዝ አልቻልሁም። የዕድራችንን ዳኛ ፈንታሁንን መንገድ ላይ አገኘሁትና «በጥር ዳስ እጥላለሁ» አልሁት። እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነና «ይኸው ደረሰልህ። አግዳሚውንም ድስቱንም ካንተ በፊት ለማንም አልሰጥም» አለኝ። በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ዝናሽም ገብሱን ነክራ ለብቅል አዘጋጀች። ጌሾውን ግቢው ውስጥ አሰጣችው፤ ስገባ ስወጣ ይሸተኝ ነበር።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ መጡ። ዮርዳኖስ፣ አማኑኤል፣ ደግሞም ሊድያ የምትባል ልጅ። የሊድያ ሥራ የሰው ሰርግ ማሰናዳት ነው። እንዲህ የሚባል ሥራ መኖሩን ያን ቀን ነው የሰማሁ። አማኑኤልን አልጠላሁትም፤ እውነቱን ልናገር፣ ትሑት ልጅ ነው፤ ጉልበቴን ለመሳም ሲያጎነብስ መነጽሩ ወልቆ ወደቀበት፤ እሱን ትቶ ጉልበቴን ሳመ።

በመጀመሪያ ግቢዬን አሳየኋቸው። ሊድያ መሐሉ ላይ ቆማ ዙሪያዋን ቃኘች። የጎረቤቴን የቆርቆሮ አጥር አየች፣ የመብራቱን እንጨት አየች፣ ሽንት ቤቱን አየች።

«በጣም ደስ የሚል ግቢ ነው፣ አባባ» አለች።

ሰው እንዲህ ሲለኝ ቀጥሎ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

«ስንት ሰው ይይዛል?» አለ አማኑኤል።

«ሰው ሰው ላይ ይቀመጣል። ሰርግ እኮ ነው» አልሁት።

ሳቀ። ሊድያም ሳቀች፤ የሷ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ።

በማግሥቱ ጋፋት ወሰድኋቸው። እንግዳ የመጣበት ሰው ሁሉ የሚያሳየው ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ቦታ። በመዝገቡ ደጅ ላለማለፍ ከላይ በኩል አዙሬ፣ በገብሱ ማሳ መሐል በሚያልፈው የእግር መንገድ ነው የመራኋቸው። ዮርዳኖስ «አባዬ፣ ዋናው መንገድ በታች በኩል አይደል?» ስትለኝ «በዚህ ያምራል» አልኋት። ማማሩንስ ያምር ነበር። ነዶው በየማሳው ተከምሯል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ከተማው ከሩቁ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። አማኑኤል በየርምጃው እየቆመ ፎቶ ያነሣል። እኔም በሆዴ «በል ውደደው፣ ውደደው» እያልሁ እከተለዋለሁ።

ወደደው። አንድ ሜዳማ የሣር መስክ ላይ ስንደርስ ፎቶ ማንሣቱን ትቶ ቆመ። ከዚያ ዘወር ብሎ ልጄን አያትና፣

«ዮርዲ፣ እዚህ ነው» አላት።

«ምኑ?» አልሁ እኔ።

ሊድያ ስልኳን ወደ ላይ አንሥታ መስኩን መዞር ጀምራለች። «ሙሽሮቹ በዚያ በኩል በእግር ይገባሉ። ነጩ ድንኳን እዚህ። ፀሐይዋ በዚያ ስትጠልቅ ኬኩን እንቆርሳለን» ትላለች፤ ለራሷ ነው የምታወራው።

«ሰርጉን እዚህ እናድርገዋ፣ አባባ» አለ አማኑኤል። «ሐይቅ ዳርማ ሰው ሁሉ ያገባል። እንደዚህ ዓይነት ቦታ ግን ማንም የለውም። ባሕር ዳርን እንተወዋለን።»

ዮርዳኖስ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አንተ ነህ ያመጣኸን። ደስ አለህ አይደል? ከቤትም ቅርብ ነው።»

ቅርብ ነው። እኔን ያናደደኝ ቅርብነቱ ነው። ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ «ልጆቹ ናቸው፣ ዘመኑ ነው፣ ምን ላድርግ» ብዬ ለሰው እነግር ነበር። እዚህ ከደጄ ሥር ሲሆን ግን ግቢው ባዶውን ቁጭ ብሎ፣ ሰው በአጥሬ ሥር አልፎ ወደ ሌላ ዳስ ይሄዳል።

እንደዚህ እያሰብሁ ቆሜ ሳለሁ ዓለሚቱ የምትባል የዚያው አገር ሴት የሣር ሸክም ይዛ በመንገዱ መጣች። ሰላምታ ተለዋወጥን። መስኩ የሷ እንደነበር አስታውሳለሁና፣

«እታለም፣ ልጆቹ ይኸን ሣርሽን ወደዱልሽ» አልኋት። እሷ እምቢ እንድትል ነበር የፈለግሁ።

«የኔ መች ሆነና» አለች። «ጉልበት ከከዳኝ ወዲህ ለመዝገቡ ሰጥቸዋለሁ። እሱ ነው የሚያጥረው፣ እሱ ነው የሚያሳጭደው። አታውቅም እንዴ ሞላ? አገሩ ሁሉ ያውቃል።»

አላውቅም። በዚያ በኩል ስለማልሄድ አላውቅም። ባውቅማ ጋፋት ሰፊ ነው፤ ወደ ሌላ መስክ እመራቸው ነበር። መዝገቡን ላለማየት ዞሬ ዞሬ፣ ልጄንና እጮኛዋን በእጄ ይዤ የመዝገቡ መስክ መሐል አቁሜያቸዋለሁ።

«ሰውየውን ያውቁታል?» አለ አማኑኤል፣ ደስ ብሎት።

«አውቀዋለሁ» አልሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊያነጋግሩት ሄዱ። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ደጄ ላይ ተቀምጬ «እምቢ ይበላችሁ» እያልሁ ጠበቅኋቸው። ዮርዳኖስ ፊቷ በርቶ ተመለሰች።

«እንዴት ያለ ሰው ነው አባዬ። እሺ ብቻ አይደለም ያለን፤ ክፍያም አልቀበልም አለ። ‹የሞላ ልጅ የኔም ልጅ ናት፤ ሣሩን ቀድሜ አሳጭዳለሁ፣ ከብቱንም አስወጣለሁ› አለን። ጠላም አጠጣን።»

«ጠጣሽ?»

«አዎ። ምነው?»

«ምንም። ክፈሉት።»

«እምቢ አለ አልኩህ እኮ። ለመንነው።»

«እንደገና ለምኑት።»

«አባዬ፣ ሰው ቸር ሲሆን ምን አጠፋ?»

ለሷ ይኸ አይገባትም። ቢያከራየን ኖሮ መስኩ ለዕለቱ የኔ በሆነ። ኪራይ የተቀበለ ሰው አፉን ይዘጋል። በነጻ የሰጠ ሰው ግን ደጋሽ ነው፤ ዳሱ የቆመው በሱ መሬት፣ በሱ ፈቃድ ነው። መዝገቡ ይኸን ሳያውቅ አላደረገውም። ወይም ሳያውቅ ነው ያደረገው፤ የትኛው እንደሚብስ ቁጭ ብዬ ሳስብ መሸ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ፈንታሁን ከሰዎች ጋር ቆሞ ጠበቀኝ።

«ሞላ፣ እንግዲህ አግዳሚውን የት ነው የምናወርደው? ጋፋት ነው አሉ።»

«ገና አልተቆረጠም።»

«መዝገቡ ሣር ሊያሳጭድ ሰው እየፈለገ ነው። ‹የሞላን ልጅ ልድር ነው› ይላል አሉ።»

«ማን ሰማው?»

«ሰው ነዋ።»

አንዱ ከኋላ፣ «ዳስ ዳስ ነው፤ የጠራን ጋ ገብተን እንበላለን» አለ። ሌላው ተቀበለው፤ «ለነገሩ አግዳሚም አያሻም። ወንበሩ ከባሕር ዳር ይመጣል፤ ቀሚስ የለበሰ ወንበር ነው አሉ።»

«ወጥ ሠሪውም ይመጣል።»

«ታዲያ ለኛ ምን ቀረን?»

«ካርድ ይላክልናላ።»

ተሳሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ግን ሳቁ። እኛ ሰው የምንጠራው በእግራችን ሄደን፣ ደጁ ላይ ቆመን፣ «እስከነቤተሰብዎ ተጠርተዋል» ብለን ነው። ካርድ የተላከለት ሽማግሌ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ «ሰው አጥተው ነው?» ይላል እንጂ አይመጣም። ፈንታሁን ብቻ አልሳቀም። «ንገረን ብቻ፤ አስቀድመህ ለኔ ንገረኝ። አግዳሚውን ሌላ ሰውም ጠይቆኛል» አለኝ። ይኸኛው ከሳቁ ይልቅ ወጋኝ።

ቤት ገባሁና ዮርዳኖስን አስቀመጥኋት።

«ሰርጉ እዚህ ግቢ ይሁን።»

«አባዬ፣ ሁሉንም ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«ከኔ ጋር አልተነጋገራችሁም።»

«አንተ ነህ ቦታውን ያሳየኸን።»

ምን ልበላት? ያሳየኋችሁ እንድታዩ እንጂ እንድትወስዱት አይደለም ልበላት? ፊቴን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«እሺ እንደዚህ እናድርግ። መልሱን እዚህ ቤት እናድርገው። ሰርጉ ጋፋት ይሁን፣ መልሱ ያንተ ይሁን። ዳሱን ጣል፣ ዕድሩን ጥራ።»

መልስ ከሰርጉ ባይበልጥም አያንስም። ሙሽሮቹ ወደ ልጅቱ ቤት ተመልሰው ሲመጡ አባቷ ደግሶ ይቀበላቸዋል፤ ዳሱ የአባቷ ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም። እሺ አልኋት። ግንባሯን ሳምሁት። ሮጬ ሄጄ ለፈንታሁን ነገርሁት። በነጋታው አጠናዎቹን ከቤቱ ጀርባ እያወጣሁ ልጣቸውን ስልጥ፣ የነቀዘውን ስለይ ዋልሁ። ጎረቤቶቼ በአጥር ብቅ እያሉ «እንኳን አደረሰህ» አሉኝ። ዝናሽም «አሁን ሰው መሰልህ» አለችኝ።

ልጆቹ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሊድያ ታኅሣሥ ላይ ብቻዋን ደወለች። የሰው ልብ የሚሰብር ነገር እንዴት በለሰለሰ ድምፅ እንደሚነገር ከሷ ነው የተማርሁ።

«አባባ፣ አንድ ትንሽ ነገር ነበረች። እንግዶቹ ሰኞ ጠዋት አውሮፕላን አላቸው። ስለዚህ መልሱን ለይተን ሌላ ቀን ማድረግ አልቻልንም። እዚያው ድንኳኑ ውስጥ፣ አመሻሹ ላይ፣ ሙሽሮቹ የባህል ልብስ ቀይረው ይገባሉ። በጣም ነው የሚያምረው።»

«ልጅቱ እኮ ገና ከቤቷ አልሄደችም። ከየት ነው የምትመለሰው?»

«አሁን አሁን ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ አባባ።»

ይኸን «ሁሉም» የሚሉትን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ደስ ይለኛል። በሄድሁበት ሁሉ ቀድሞኝ ደርሷል።

ለዮርዳኖስ ደወልሁ። አለቀሰች። «ምን ላድርግ አባዬ፣ እኔም መሐል ላይ ቆሜ ጨነቀኝ» አለች። ስታለቅስ ደግሞ ጥፋተኛው እኔ እሆናለሁ። ስልኩን ዘጋሁና አጠናዎቹ ላይ ተቀመጥሁ። ዝናሽ ከጓዳ ወጥታ አየችኝ።

«ቀረ?»

«ቀረ።»

«ቆይ ልጠይቅህ። አንተ ልጅህን ነው የምትድረው ወይስ ለመዝገቡ ነው የምትመልሰው?» አለችኝ።

«ሁለቱንም።»

«ሁለቱ አንድ ላይ አይሆንልህም። አንዱን ያዝ።»

«አንችስ አይቆጭሽም?»

«ይቆጨኛል። ብቅሌን ለእህቴ ሰጥቸዋለሁ፤ ጋፋት ላይ ቢራ ነው የሚጠጣው ተብሏል። ተቆጭቼ ሰጠሁት፣ አለቀ። የኔ ልጅ ጤነኛ ባል አግብታ ትስቃለች። ያንተ ልጅ ዳስ ናት።»

እንዲህ ተናግራኝ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ዝናሽ ስትናገር አትጮህም፤ ቢያንስ ብትጮህ እኔም እጮህ ነበር።

ከልደት ቀጥሎ ባለው ሳምንት ሁሉም መጡ። ድንኳኑ የሚተከልበትን ለመለየት ጋፋት የሚገናኙበት ቀን ነው። አልሄድም ብዬ ነበር። ዮርዳኖስ «አንተ ከሌለህ እኔም አልሄድም» ብላ ደጄ ላይ ስትቆም ግን ጋቢዬን ደረብሁ።

መስኩ ታጭዷል፤ እንደ ሰው ራስ ተላጭቷል። ሊድያና አብረዋት የመጡት ልጆች ችካል እየተከሉ ገመድ ይወጥራሉ። መዝገቡ ከደብራችን ካህን ከቄስ ወርቁ ጋር በወዲያ በኩል መጣ። ሸብቷል። በሩቅ አየው ነበር እንጂ ይኸን ያህል ቀርቤ ካየሁት አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል። መጣና በሁለት እጁ ጨብጦኝ ትከሻዬን ገጨኝ።

«ሞላ፣ ተጠፋፋን እኮ።»

«እንዴት ነህ» አልሁት።

«እግዜር ይመስገን። ልጅህ ወርቅ ናት። ባሏም ጨዋ ነው።» ከዚያ ወደ ሊድያ ዘወር አለና፣ «ልጄ፣ ድንኳኑን ወደ ዛፎቹ አስጠጊው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በዚህ በኩል ነው የሚመጣ» አላት። ችካሉን አስነቅላ አስጠጋችው። እኔ ነፋስ መኖሩንም አላሰብሁም። ሰውየው ሙሽሮቹ ውኃ የሚጠጡበትን፣ መኪና የሚቆምበትን፣ አሮጊቶች የሚያርፉበትን ሁሉ አስቦ ጨርሷል። አማኑኤል «አባባ መዝገቡ፣ አባባ መዝገቡ» እያለ ይከተለዋል። እኔ በቀልድ ውስጥ ያለች አንዲት መርፌ እንኳ ባገኝ ብዬ ንግግሩን ሁሉ እሰልላለሁ። አላገኘሁም።

ሥራው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ቄስ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔም የኔን ልጠይቅ። ከማዕድ በኋላ ስባርክ የማንን ስም ነው የምጠራው?»

ሊድያ አልገባትም። ዮርዳኖስ ነገረቻት። ሰው በልቶ ሲጨርስ ይነሣል፤ ካህኑ የዳሱን ባለቤት በስሙ ጠርቶ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ዘሩን ይባርካል፤ ዳሱ ሙሉ ሰው «አሜን» ይላል። እኔ በሌላው ሰው ስም ስንት ጊዜ ቆሜ አሜን እንዳልሁ እግዜር ያውቃል። አንድ ጊዜ የኔ ቢጠራ ሌላው ሁሉ ይቅር ባልሁ።

«ሁለቱንም አባቶች ይጥሯቸዋ» አለች ሊድያ።

«ሁለት ባለቤት ያለው ዳስ አላውቅም፣ ልጄ» አሉ ቄስ ወርቁ። «ልማዱ የመሬቱን ባለቤት መጥራት ነው። ለዚህ ነው የጠየቅሁ።»

ሁሉም መዝገቡን አዩት። መዝገቡ ደግሞ እኔን አየ።

«የሞላን ይጥሩ» አለ። «መሬቱ የኔ ቢሆን ነው? ለዕለቱ ለሱ ሰጥቸዋለሁ። የልጅቱ አባት እሱ ነው። እኔ ከኋላ ቆሜ አሜን እላለሁ።»

ፊቱን መረመርሁት። የሚስቅ መስሎኝ ከንፈሩን ተከታተልሁ። አልሳቀም። ከልቡ ነው።

«ይኸው አባዬ» አለች ዮርዳኖስ። እጄን ያዘችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ይኸው፣ ባንተ ስም ይሁን።»

ቄስ ወርቁም፣ «እንግዲህ አንተም እሺ በልና እንጨርሰው፣ ሞላ። ‹እግዜር ይስጥልኝ› በለው» አሉ።

እሱ ሰጥቶኝ ነው እንግዲህ ስሜ የሚጠራ። እሺ ካልሁ፣ ዕድሬ ፊት፣ ፈንታሁን ፊት፣ «መዝገቡ ለሞላ ዳስ ሰጠው» ይባላል፤ ሰው ለሰው እያወራው እስክሞት ይከተለኛል። እምቢ ካልሁ፣ በልጄ ሰርግ ላይ የሱ ስም ተጠርቶ ሰው ሁሉ አሜን ይላል፤ እኔም ቆሜ አሜን እላለሁ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ሰው ሲሰጥህ ምን ይመለስለታል?

አማኑኤል ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። ገመድ የሚወጥሩት ልጆች እንኳ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ።

«አባዬ፣ እሺ በለው» አለች ልጄ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እጄን ቀስ ብዬ ከእጇ አወጣሁ። ጋቢዬን አጣፋሁ። የሊድያን ገመድ ተሻግሬ፣ በታጨደው ሣር ላይ ወደ ከተማው አቅጣጫ ሄድሁ።

«አባዬ» ብላ ተጣራች። «አባዬ፣ ወዴት ነው?»

መዝገቡ «ተይው ልጄ» ሲላት ሰማሁ። «ደስ ብሎት ነው። አባት እንዲህ ነው።»

እሺም እምቢም አላልሁት። መንገዴን ቀጠልሁ።